ባሕር ማዶ፣ ደርሶ መልስ

ወይዘሮ አበቡ ልጃቸው እሳቸውን ባሕር ማዶ ወስዶ ለማስጣል በስልክ ሲስማማ የሰሙት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ኮሪደሩ ላይ ቆመው። ውሃ መጥታ ነበር። ፀዳ ሰፈር ውሃ መጣች ማለት የተከበረ እንግዳ መጣ ማለት ነው፤ የተኛው ይነሳል፣ የሚበላው እጁን ይሰበስባል፣ ግቢው በባልዲና በጀሪካን ይተራመሳል። እሳቸውም ከጓዳ ወደ ቧንቧው ሲያልፉ የሳሎኑን በር ገርበብ ብሎ አገኙትና የልጃቸው የዓለምነው ድምፅ እግራቸውን ያዘው። «እሑድ፣ በመኪና። እሺ … ከዚያ በመርከብ ታሻግሯታላችሁ። … ባሕር ማዶ አድርሳችኋት በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ ማለት ነው፤ ሸጋ ነው እኮ!» አለ። ትንሽ አዳመጠና ሳቀ። «ኧረ አልነግራትም! ባሕር መሆኑን ቀድማ ከሰማች ሞቼ እገኛለሁ ነው የምትል። እናቴን እኔ አውቃታለሁ። ልብሱን ፅዮን ታሰናዳለች፤ እናንተ መኪናውን ብቻ አዘጋጁ።» ውሃው ውጭ እየፈሰሰ ወይዘሮ አበቡ ከነጀሪካናቸው እዚያው ደርቀው ቀሩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው። የወይዘሮ አበቡ ጆሮ የዚያን ቀን ባዳ አልሆነባቸውም፤ ክፋቱ የሰማው ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው። ከስልኩ ወዲያ ያለው ማን እንደሆነ አልሰሙም፣ ለማወቅም አልተቸገሩም። ከዘመድ መኪና የሚነዳ አንድ ሙሉሰው ነው፤ የወንድማቸው ልጅ፣ ከአዘዞ ጎርጎራ ሚኒባስ የሚያመላልሰው። ጎርጎራ ላይ ጣና አለ። ከጣና ማዶስ ምን አለ? ገዳም ነዋ! ደባርቅ በኩል፣ ከደጋው ላይ ተወልደው ላደጉት ለእሳቸው ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ሌላ ባሕር ካለ እሱን የሚያውቀው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ጣናንም ቢሆን ከሩቅ አይተው አማተቡበት እንጂ እግራቸውን ነክረውበት አያውቁም።

ጥፋቱ ደግሞ የራሳቸው አፍ እንደሆነ ወዲያው ታወሳቸው። ሁዳዴ ላይ ከምራታቸው ከፅዮን ጋር በቴሌቪዥኑ ጩኸት ተኮራርፈው «ገዳም እገባለሁ! ቆቤን ጭኜ አርፌ እቀመጣለሁ!» ብለው ነበር። ይህን የማትል እናት የት አገር አለች? በእነሱ አገር ይህ ቃል የሚወጣው ለመግባት አይደለም፣ ለመለመን ነው። እናት ገዳም እገባለሁ ስትል ልጅ ጉልበት ይስማል፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይመጣል፣ ነገሩ ከጠናም ድንጋይ ተሸክሞ «አይሆንም! ለማን ትተሽን?» ይባላል፤ እናትም ትንሽ አልቅሳ፣ ትንሽ ተግደርድራ፣ እሺ ትላለች። የእሳቸው እናት በየዓመቱ ገዳም ሲገቡ ኖረው የሞቱት በገዛ አልጋቸው ላይ ነው። ዓለምነው ግን ያን ዕለት ቀና ብሎ «ይሻለኛል ካልሽ ጥሩ ነው እማዬ» አለ። ፅዮንም «እዚያ ቢያንስ ጸጥታ አለ» አለች። ለካ የተማሩት ልጆች ቃላቸውን እንደ ማመልከቻ ተቀብለው ሲያስፈጽሙ ከርመዋል። ወይዘሮ አበቡ ደግሞ ነገሩ ያኔውኑ የተረሳ መስሏቸው ነበር።

ስዊድን ያለችው ልጃቸው ሚስጥር ልታስመጣቸው ብላ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ለቪዛ አሻራ ሰጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ድምጥማጡ ጠፋ፤ ዓለምነውም ሲጠየቅ «እየታየ ነው» እያለ ያልፈዋል። አሁን ሁሉም ገባቸው። ስዊድን አልፈለገቻቸውም፣ ፀዳም ጠግባቸዋለች፣ የቀረው ጣና ነው። ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር ደቅነው ሞልቶ ሲፈስ እንኳ ልብ አላሉትም።

ክፍላቸው ከወጥ ቤቱ ጎን ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ የጤፍ ዱቄት ጆንያ፣ ከደባርቅ ያመጧት ባለ ቆዳ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል። ጠባብ ናት፤ ግን ከመስኮቷ የአዘዞ አይሮፕላን ሲያርፍ ይታያል፣ እሳቸውም አይሮፕላኑን ሲያዩ ስለ ሚስጥር ይጸልያሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሲተክዙ ፅዮን አንኳኩታ ገባች። ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ቅዳሜ ካልገባች ቤቱን ታምሰዋለች። ክንዷ ላይ ወፍራም ጥቁር ካፖርት አንጠልጥላለች።

«እማማ፣ እግርዎ ስንት ቁጥር ነው? ድፍን ጫማ ልገዛልዎት ነበር።»

«ለምኑ?»

«እንዲያው … ብርድ ላለበት ቦታ» አለችና ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። ካፖርቱን ትከሻቸው ላይ ለካችላቸው። «ልክዎ ነው! ይችንም ክፍል እስከዚያ ቀለም እናስቀባታለን» ብላ እየተቻኮለች ወጣች።

ወይዘሮ አበቡ ካፖርቱን እንደ ለበሱ ግራ ገብቷቸው ቀሩ። ጣና ዳር ቆላ ነው፤ ጎርጎራ የሄደ ሁሉ ወበቁን እያማረረ ነው የሚመለስ። ብርዱ ከየት መጣ? ምናልባት የገዳሙ ቤት ድንጋይ ይሆናል አሉ። ምናልባትም ውሃው ላይ ንፋስ ይኖራል አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ የማይገጥመውን ነገር ሁሉ እየጠመዘዙ ያስገጥሙት ጀመር። ቀለም የሚለው ግን ጠምዝዘውም አልሆነላቸው፤ ሰው ገና ሳይወጣ ክፍሉን ቀለም መቀባት ከየት የመጣ ደንብ ነው? ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥላቸውን ይዘው፣ ለማንም ሳይናገሩ ከግቢው ወጡ። በልባቸው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ «አይሆንም» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ይቀራሉ። አንድ ሰው ይበቃል።

የታክሲ ዋጋ እንደገና ጨምሯል፤ ተሳፋሪው ከሾፌሩ ጋር ስለ ነዳጅ ሲጨቃጨቅ አዘዞ ደረሱ። ሙሉሰው ሚኒባሱን አቁሞ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል። ሙሉሰው ደግ ሰው ነው፤ እሺ እንጂ እንቢ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፣ ከዚህም የተነሳ ቃል የገባላቸውና የረሳቸው ሰዎች ከአዘዞ እስከ ጎርጎራ ተሰልፈው ይጠብቁታል። አክስቱን ሲያይ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ሙሉሰው፣» አሉት ቆጣ ብለው፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትወስደኝ?»

ሙሉሰው ደነገጠ። ቃል ገብቶ የረሳ መሰለው። «ነገማ …» አለ ጭንቅላቱን እያከከ፣ «ጠዋት ነው አክስቴ። መንገዱ ክፍት ከሆነ።»

«እስከ ባሕሩ?»

«እስከ ባሕሩ ነዋ።»

«ከዚያስ መርከቡ?»

«መርከብማ ይኖራል። እሱ ቢጠፋ ጀልባ አይጠፋም።»

«እና አድርሰኸኝ ትመለሳለህ?»

«እኔማ እመለሳለሁ አክስቴ፣ ሰኞ ሥራ አለኝ።»

ወይዘሮ አበቡ ዓይን ዓይኑን አዩት። ይህን ልጅ በጀርባቸው አዝለው አሳድገውታል። «ቅር አይልህም፣ ሙሉሰው?»

«ምነው ቅር ይለኛል!» አለ ሙሉሰው፣ ከልቡ። «በደስታ ነው እንጂ!»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወደ ከተማው የሚወጣ ታክሲ ውስጥ ገብተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እንባቸውን ሰው እንዳያይ በነጠላቸው ቢሸፍኑትም፣ ጎናቸው የተቀመጠች ሴት ለቅሶ የሚሄዱ መስሏት «እግዜር ያጥናዎ» አለቻቸው። እሳቸውም «አሜን» አሉ።

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ኢየሱስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ጥድ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ወይዘሮ አበቡ መስቀል ተሳልመው እግራቸው ሥር ተቀመጡ። በመንገድ ላይ ሁሉን አስበውት መጥተዋል፤ አባ «በዚህ ዕድሜሽ? በጉልበት ሕመምሽ? ቤትሽ ተቀምጠሽ ጸልዪ!» ይላሉ፣ ዓለምነውንም አስጠርተው ይቆጡታል፣ ነገሩም ያልቃል።

«ወለተ ኪዳን፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አሏቸው አባ በክርስትና ስማቸው።

«አባቴ፣ ገዳም ልገባ ነው።»

አባ ገብረ ኢየሱስ ዳዊታቸውን አጠፉ። ፊታቸው ሁሉ በራ። «እሰይ! ስብሐት ለአብ! እኔም እኮ መቼ ታስብበት ይሆን እያልሁ ነበር። ልጆችሽስ ፈቅደዋል?»

«እነሱማ ከእኔ ቀድመው ፈቀዱ።»

«የታደልሽ ነሽ! ስንቷን እናት ልጆቿ አላስኬድ እያሉ ያስቸግራሉ መሰለሽ።» ወይዘሮ አበቡ አንገታቸውን ደፉ። አባ የመሰላቸው ትሕትና ነው። «ለመሆኑ የትኛው ገዳም ነው?»

«ከጣና ማዶ ነው አሉ። በመኪና፣ ከዚያ በመርከብ።»

አባ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «እንዴት ያለ ነገር ነው? ደሴቶቹ እኮ አብዛኞቹ ሴት አያስገቡም። ሴት ዶሮ እንኳ አትገባም፣ አውራው ነው እንጂ።» ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «እንግዲህ ዓለምነው የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው፤ አጣርቶ ይሆናላ። ብቻ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ባረኩና ዳዊታቸውን ገለጡ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አበቡ ያደረጉት ነገር የእልህ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፤ ካልቀረ ደግሞ ተገፍቶ ከመሄድ በገዛ እግር መሄድ ይሻላል። ከቅጥሩ ውጭ ጧፍና ጥላ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብተው መነኮሳይቶች የሚለብሱትን ዓይነት ቢጫ ነጠላ ገዙ። ሻጩ ዋጋውን ቢቆልልባቸውም አልተከራከሩም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሳይከራከሩ የገዙት ዕቃ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቆቡን ግን አልገዙም፣ ቆብ የሚጫነው እዚያው በጸሎት ነው። ፀዳ ሲደርሱ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። በጓሮ ገብተው ከሳጥናቸው ለጥምቀት ብቻ የሚለብሱትን ጥልፍ ቀሚስ አወጡና ለጎረቤታቸው ለውቢት በአጥር በኩል ዘረጉላት። «እኔ ከእንግዲህ አይሆነኝም፤ ገዳም ልገባ ነው፣ አንቺ ልበሽው» አሏት። ውቢት ወዳጃቸው ናት፤ ጠበል ጠዲቁን አብረው የሚቃመሱ ናቸው። «ውይ! ምነው እትዬ አበቡ፣ ምነው!» አለች። አፏ ይህን እያለ እጇ ግን ቀሚሱን ተቀብሎ ጥልፉን ይዳስስ ነበር። ምነው ካለች በኋላም የምትለው አጥታ «ለእኔ ይረዝም ይሆን?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «ታሳጥሪዋለሽ» አሏት።

ሳሎኑ ውስጥ ዓለምነውና ፅዮን ጠረጴዛ አሰናድተው ይጠብቋቸው ነበር። ዳቦ ተቆርሷል፣ ለስላሳ ተከፍቷል፣ የዓለምነው ስልክ ብርጭቆ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ዓለምነው የሸሚዙን ኪስ ደጋግሞ ይነካካል። የስዊድን ቪዛ የተመታበት የእናቱ ፓስፖርት እዚያ ውስጥ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ለሥራ ነው ብሎ አዲስ አበባ ሄዶ ያመጣው፣ ዛሬ ከእኅቱ ጋር ሆነው በአንድ ላይ ሊያበሥሯቸው የደበቀው። ይህን ወይዘሮ አበቡ አያውቁም። ቢጫውን ነጠላ ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ።

«ዓለምነው፣ አትድከሙ። ሰምቻለሁ። እሄዳለሁ» አሉ።

ዓለምነው ብድግ አለ። «እንዴ! ሚስጥር ነገረችሽ?»

«የምን ሚስጥር? ሚስጥር ቢሆን ኖሮ በር ዘግተህ ታወራ ነበር።»

«ታዲያ ደስ አላለሽም?»

«ደስ ይበለኝ? ሰው ቆብ ሊጭን ሲሄድ ያለቅሳል እንጂ ይጨፍራል?»

«የምን ቆብ?»

«የገዳም ነዋ! ነገ ገዳም ልገባ አይደል!»

ዓለምነው ቢጫውን ነጠላ ያየው ገና ያኔ ነው። ፅዮንን አየ፣ ፅዮን እሱን አየችው። አእምሮው ውስጥ ነገሩ የተደረደረው እንዲህ ነው፤ እናቱ ስለ ስዊድኑ ሰምተዋል፣ ሰምተውም ገዳምን መርጠዋል። የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ውስጥ ነው፤ በየወሩ ሥልጠና ይወስዳል፤ የሰው ውሳኔ መከበር እንዳለበት፣ ሰውን መጫን ነውር እንደሆነ ተምሯል። እጁን ከኪሱ ላይ አነሳ። «እንግዲህ እማዬ … ካሰብሽበትና ከወሰንሽ … እኔ ውሳኔሽን አከብራለሁ» አለ።

ወይዘሮ አበቡ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ተለማማጭ አልጠበቁም፣ ድንጋይ የሚሸከም አልጠበቁም፣ ግን አከብራለሁ የሚል ቃል ይመጣብኛል ብለው አላሰቡም ነበር። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ባልና ሚስቱ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ቆመው ሳለ ስልኩ ጮኸና የሚስጥር ፊት ብቅ አለ። «እማዬ! እንኳን ደስ አለሽ! … እንዴ፣ ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?»

ነገሩን ለመፍታት ጊዜ ፈጀ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚናገር አንዱ የፈታውን ሌላው ይቋጥረዋል። ዓለምነው ጠዋት ያወራው ከሚስጥርና ከባሏ ጋር ነው። የተባለው እሑድ ነገ አይደለም፤ ስዊድን በገቡ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ባሕሩም ጣና አይደለም።

«እኛ ያለንበት ከተማ ባሕሩ ጥግ ነው እማዬ» አለች ሚስጥር። «በመኪና ሄደን፣ መኪናው እንዳለ መርከቡ ውስጥ ይገባል፣ ሽሮ እስኪንተከተክ ማዶ ነን። ማዶው ዴንማርክ ነው፤ ሌላ አገር።»

ወይዘሮ አበቡ ፊታቸውን ከነጠላው ውስጥ አወጡ። «ስዊድን ውጭ አገር አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ከውጭ አገር ወደ ውጭ አገር ነው የምትወስጅኝ? ለምን?»

«ምሳ በልተን ለመምጣት ነዋ።»

«ምሳ ስዊድን የለም?»

ፅዮን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ወይዘሮ አበቡ ግን ገና አልጨረሱም፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «‹አድርሳችኋት ትመለሳላችሁ› ስትል፣ እኔ ከሚመለሱት ነበርሁ?»

«ነበርሽ እንጂ እማዬ!»

«እና ምነው ‹ይዛችኋት› አላልህ? ትንሽ ቃል ናት እኮ።»

ሁሉም ሳቁ። ሚስጥር እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ ፓስፖርቱ ወጥቶ በእጅ ዞረ፣ ፅዮን ክፍሉ ቀለም የሚቀባው ሲመለሱ አዲስ ሆኖ እንዲጠብቃቸው መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ ዳቦም በሉ። ከዚያ «ደከመኝ» ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ዓለምነው የእናቱን ሳቅ ያውቀዋል፤ ያ የዛሬው ሳቅ ልክ አልመሰለውም። ተከተላቸውና የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ውጭ የውቢት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል።

«ከጠዋት ጀምሮ አይሆንም የሚለኝ ሰው ስፈልግ ዋልሁ» አሉ ወይዘሮ አበቡ። «ሙሉሰው በደስታ ነው አለኝ። አባ ገብረ ኢየሱስ እሰይ አሉኝ። ውቢት ቀሚሱን ተቀበለችኝ። አንተ ደግሞ አከብራለሁ አልህ። ስሕተት ነው፣ እሺ፣ ገባኝ። እውነት ቢሆንስ ኖሮ?»

ዓለምነው መልስ ፈለገ፤ የነበረው መልስ ግን የሥልጠና መልስ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አፈረበት። ሲናገር ድምፁ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«እማዬ፣ አትሂጂ።»

«ከየቱ ነው የምቀር?»

«እኔ እንጃ። ከገዳሙም … ከስዊድኑም። ቤቱ ያላንቺ …» አለና መጨረስ አቃተው። ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ አደረገ። «አይሆንም። ለማን ትተሽን?»

ወይዘሮ አበቡ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። ትንሽ አለቀሱ፣ እንደ ደንቡም ትንሽ ተግደረደሩ። ከዚያ ቢጫውን ነጠላ አውልቀው አጠፉና አልጋው ላይ አስቀመጡት።

«አሁን ሸጋ» አሉ። «አሁን እሄዳለሁ።»

«የት?» አለ ዓለምነው ደንግጦ።

«ሚስጥር ዘንድ ነዋ! ሄጄ ልምጣ።» አፍንጫቸውን ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ያ መርከብ መኪናውን ሁሉ ተሸክሞ አይሰምጥም?»

ዓለምነው ባሕር ተሻግሮ አያውቅም፤ «እኔ እንጃ እማዬ፣ ሄደሽ ትነግሪኛለሽ» አላቸው።